የወቅፉ መዝገብ ከኮምፒውተሩ ጋር እንዳይቀበር



ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ያለ አንድ መድረሳ የወቅፍ ኪታቦቹን የሚመዘግበው ዊንዶውስ ኤክስፒ በተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ፕሮግራሙን ከኛ በፊት የተመረቀ ወንድም በቪዥዋል ቤዚክ 6 ጽፎ ለአላህ ብሎ ሰጠ። ኪታቡን ማን እንደወቀፈው፣ አሁን በማን እጅ እንዳለ፣ ሁሉም እዚያ ነው። በቅርቡ ኮምፒውተሩ አልነሳ ብሎ ኡስታዙ ሁለት ቀን ሲጨነቁ ሰነበቱ።

ከኛ ከኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የመጣው ሐሳብ «ይጣልና ከዜሮ እንሥራው» የሚል ነበር። አልስማማም። ከዜሮ ተጀምሮ ከዲፌንስ ማግስት የተረሳ ስንት የመመረቂያ ፕሮጀክት እናውቃለን!

ወቃፊው «ከመድረሳው አይውጣ» ብሎ ሸርጥ ያደረገበትን ኪታብ ይህ ፕሮግራም ለውሰት አይፈቅድም። ሸርጡን በወረቀት ያሰፈረው የለም፤ ያለው ኮዱ ውስጥ ነው። ከዜሮ ስንጀምር የሚጠፋው እንዲህ ያለው ነው፤ ጥፋቱም የአማና ጉዳይ ይሆናል።

እኔ የምለው ሕጉንና መረጃውን ይዘን መስኮቶቹን ብቻ ወደ ኪውት እናሸጋግር ነው። ኪውት በነፃ ይገኛል፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል፣ ዓረብኛን ከቀኝ ወደ ግራ ያሳያል። የቪዥዋል ቤዚክ 6 መስኮቶች ዩኒኮድ ስለማያውቁ የኪታቦቹ ርዕስ እስካሁን በአማርኛ ፊደል ነው የሚጻፈው።

ከባዱ ሥራ የግዕዝ ፊደሉ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች ከ256 በላይ ቦታ አልነበራቸውም፤ 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው፣ ዲቃላው፣ ቁጥሩና ነጥቡ ሲጨመር ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ አምራች በየፊናው አጨቀው። መዝገባችን የተጻፈው ከነዚህ በአንዱ ነው፤ ፎንቱ ከሌለ የወቃፊው ስም የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። መለወጫ ሠንጠረዥ አዘጋጅተን በሌላ ኮፒ ላይ እንሞክረው፤ ዋናው ፋይል አይነካ። ሠንጠረዡ የሚስታቸውን ደግሞ ዐይን ነው የሚይዛቸው።

ኮዱን የጻፈው ወንድም አልሐምዱሊላህ ተገኝቷል፤ ምንጩም በእጁ አለ። ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ስሞቹን ኪታቦቹ ላይ ከተጻፈው ጋር ማመሳከር እንጀምራለን። ለዚህ ኮድ ማወቅ አያስፈልግም፤ ዓረብኛ የምታነቡ እህቶችና ወንድሞች ግን በጣም ታስፈልጉናላችሁ።