ርእሰ አንቀጽ፦ «ለምን ጥላው አትወጣም?»

በቤቷ ስለምትደበደብ ሴት ወሬ በተነሣ ቁጥር፣ በመኝታ ቤታችንም ሆነ በምግብ አዳራሹ ከአንዱ አፍ የማይጠፋ ጥያቄ አለ፤ «ታዲያ ለምን ጥላው አትወጣም?» የሚል። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም የተቆጨ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ሸክሙን ሁሉ በተደበደበችው ጫንቃ ላይ ጥሎ ስለሚሄድ፣ ተማርን ከምንል ሰዎች የሚጠበቅ አይደለም እንላለን። መጠየቅ የሚገባው፣ ብትወጣም ሆነ ብትቆይ ሕይወቷ እንዲተርፍ ምን እንደተሰናዳ፣ ከስንዱውም ውስጥ የትኛው በእኛ እጅ እንዳለ ነው።

ነገሩ የጥቂት ቤቶች ገመና አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት ውስጥ ቡታጅራ ነበረች፤ በዚያም ባል ወይም የኑሮ ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች ከመቶው 71ዱ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት በእርሱው እጅ እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ደግሞ ከደረሰባቸው ሴቶች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል እርዳታ እንዳልጠየቁ፣ ለማንም ሰው እንኳ እንዳልተናገሩ አሳይቷል። እኛን ይበልጥ የሚያስጨንቀን ይኸኛው ቁጥር ነው። ለማንም ካልተናገሩት መካከል በአንድ ወንበር አብረናቸው የምንቀመጥ፣ አልፎም የሚያስተምሩን መኖራቸው አያጠራጥርም።

በእርግጥ ሕጉ ከጥንቱ ተሻሽሏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ የበላይ ሲያደርግ፣ ሚስትም እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ይህን አንሥቶ ሁለቱን እኩል አደረገ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መጉዳት ወንጀል መሆኑን በግልጥ ጻፈ። (ይኸው ሕግ አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም ጋብቻን ከውጭ መተዉን የሕግ ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዘወትር ያነሡታል፤ መነሣትም አለበት።) የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብም ዳኛው ስለ ቀለብና ስለ ልጆች ወዲያው ትእዛዝ መስጠት ይችላል። ይህ ሁሉ ግን የሚጀምረው ሴትዮዋ ፍርድ ቤት ደጃፍ ከደረሰች በኋላ ነው። ባል ሰክሮ በር በሚደበድብበት ሌሊትና መዝገብ በሚከፈትበት ጧት መካከል ያለውን ሰዓት እነዚህ ሕጎች አልሞሉትም። «ወደ አንቺ እንዳይደርስ» ብሎ በቀጥታ የሚያግድ የጥበቃ ትእዛዝ የተባለውን ነገር ሁለቱም አላኖሩትም።

ያን ክፍተት ብዙ ጊዜ የሚሞሉት ሽማግሌዎች ናቸው። ሽምግልናን አናቃልልም፤ የከብትና የወሰን ጠብ ሲያበርድ ኖሯል። ነገር ግን አንገቷን የታነቀችን ሴት «የባልና የሚስት ነገር ነው፤ ለልጆችሽ ስትይ» ብሎ መርቆ ወደዚያው ቤት መመለስ እርቅ ሊባል አይችልም።

«ጥላው ትውጣ» የሚለው ምክርስ? እርሱም ቢሆን ብቻውን አደገኛ ነው። ዣክሊን ካምቤል የተባሉ አሜሪካዊት ነርስና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ባዘጋጁት የአደጋ መመዘኛ ከሚጠየቁት ነገሮች መካከል ድብደባው እየባሰ መሄዱ፣ በቤት ውስጥ ጠመንጃ መኖሩ፣ «እገድልሻለሁ» ማለቱ፣ ማነቁ፣ በእርግዝና ጊዜ መምታቱ፣ ቅናቱና እያንዳንዷን እርምጃ መቆጣጠሩ ይገኙበታል። መለየቷም ከነዚሁ ጋር ተቆጥሯል። ከእጁ መውጣቷን የተረዳ ሰው ከሁሉ የሚከፋው በዚያን ሰሞን ነውና። ስለዚህ ያለ ስንዱ «ውጪ» የሚል ጓደኛ፣ ሳያውቀው ወደ ባሰው አደጋ ሊገፋት ይችላል።

ስንዱው ምን ይመስላል? ነገሩ የወረቀት ሥራ አይምሰለን፤ እንዲያውም ብዙውን በወረቀት አለመጻፉ ይሻላል። የመታወቂያዋና የጋብቻ ምስክር ወረቀቷ ቅጂ፣ የልጆቿ የልደት ካርድ፣ የባንክ ደብተሯ፣ ዘወትር የምትወስደው መድኃኒት ካለ ጥቂቱ፣ በገጠርም እንደሆነ የመሬት ይዞታ ደብተሩ ቅጂ፣ ከቤት ውጭ በታመነ ሰው ዘንድ ይቀመጣል። የትራንስፖርት ብር ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። ጠብ ሲነሣ ቢላዋና የፈላ ውሃ ካለበት ማእድ ቤት ርቃ፣ ሁለተኛ መውጫ ወዳለው ክፍል ወይም ወደ ግቢው እንድታፈገፍግ አስቀድማ ታስብበታለች። ልጆች በመካከል ገብተው እንዳይገላግሉ፣ ይልቁንም ሮጠው ወደ ማን ቤት እንደሚሄዱ ይማራሉ። ቡና ከሚያጣጣት ጎረቤት ጋር አንዲት ቃል ትነጋገራለች፤ ልጁ መጥቶ «እማዬ ወንፊት አውሺኝ ብላለች» ካለ፣ ጎረቤቲቱ ወንፊት አትፈልግም፤ ሰው ጠርታ ትመጣለች፣ ፖሊስም ታስጠራለች። የምትወጣበት ቀንና ሰዓት፣ የምታድርበትም ቤት ከሁለት ከማይበልጥ ሰው በቀር አይታወቅም።

ስልኩ ራሱን የቻለ ነገር ሆኗል። የምትሄድበትን ቦታ የሚነግረው፣ መልእክቷን የሚያነብበት መሣሪያ በገዛ ቦርሳዋ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በአንድ ቀን ብታጠፋው ግን ነቅቶ ይነሣል፤ ስለዚህ ምስጢሩን በሌላ ሰው ስልክ መነጋገር፣ ሁለት ሦስት ቁጥርም በቃል ማጥናት ይሻላል።

ከተጎዳች ደግሞ ሰዓቱ ይቆጠራል። ከተደፈረች ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የሐኪም ማስረጃም ቁስሉ ሳይሽር መጻፍ ይኖርበታል። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲገኙ የተደረገው ይህን እንግልት ለመቀነስ ነው። የምትጠጋበት ላጣች፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር መጠለያ አለው፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። ከከተማ ርቃ ላለችው ግን ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ መሆኑን አንረሳም። የእርሷ ስንዱ ጎረቤቷና የምታምነው ዘመዷ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር እንዳይዘነጋ እንለምናለን። ስንዱው የእርሷ ነው። የእግሩን ኮቴ ሰምታ የዛሬው ማታ ምን እንደሚመስል የምታውቅ እርሷ ስለሆነች፣ «እንዲህ ካላደረግሽ አልረዳሽም» የሚል ባልንጀራ፣ ሳያስበው፣ ሌላ አዛዥ ሆኖባታል ማለት ነው። የኛ ሥራ መጠየቅ፣ ማዳመጥ፣ የሰጠችንን ፖስታ ሳንከፍት ማስቀመጥና አፋችንን መዝጋት ነው። ደብዳቢውን ሄዶ መሳደብ ለእኛ ጀግንነት ይመስለናል፤ ዋጋውን ማታ የምትከፍለው ግን እርሷ ናት።

አሁን ወደ ግቢያችን እንመለስ። የማታ ተማሪዎች ብዙዎቹ ባለትዳሮች ናቸው። «ባሏ ነኝ» ወይም «ወንድሟ ነኝ» ላለ ሁሉ የክፍል ሰዓቷን፣ የመኝታ ክፍሏንም ቁጥር የሚነግር ጽሕፈት ቤትና ዘበኛ ካለ፣ ነገ ዛሬ ሳይባል ይከልከል። መምህራኖቻችንም ከፈተና የቀረችን ተማሪ ዜሮ ከማልበሳቸው በፊት ብቻዋን ጠርተው ቢጠይቁ፣ ወደ ቤቷም ስልክ ባይደውሉ፣ ብዙ ረድተዋል። የሕግ ትምህርት ክፍል የነጻ ምክር ክፍሉን በሳምንት አንድ ቀን ለዚህ ጉዳይ ብቻ ቢከፍት ከአቅሙ በላይ አይሆንም።

ከሁሉ የከበደብን ግን የክረምቱ ነገር ነው። መኝታ ቤቱ ተዘግቶ ሁላችንም ወደ ቤታችን ስንሰናበት፣ ቤቷ ከሁሉ የሚያስፈራት ቦታ የሆነባት ተማሪ አለች። አባቱ እናቱን ሲደበድብ አይቶ በመካከል የሚገባ ወንድም ተማሪም አለ። በዘመድ ቤት በሠራተኛነት እየተገፉ ተምረው እዚህ የደረሱም አሉ፤ እነርሱን «ወደ ቤታችሁ ሂዱ» ማለት ወዴት ማለት እንደሆነ ለአስተዳደሩ ግልጥ አይመስለንም።

ስለዚህ በሴቶቹም በወንዶቹም መኝታ ቤት ቢያንስ ጥቂት ክፍሎች በክረምት ክፍት ሆነው እንዲቆዩ፣ የሚያድሩትም ምክንያታቸውን በሰልፍ ፊት ሳይናገሩ ለተማሪዎች ዲን ወይም ለሥርዓተ ፆታ ክፍል በምስጢር አስታውቀው እንዲገቡ፣ በማኅበራችን ስም ጠይቀናል። የምግቡን ወጪ በከፊል ከማኅበሩ ሣጥን ለመሸፈን ፈቃደኞች ነን። መልሱ ግንቦት ሳያልቅ እንዲደርሰን እንፈልጋለን፤ ሰኔ ላይ የሚሰጥ መልስ፣ ሻንጣዋን ሸክፋ መሳፈሪያ ለቆመችው ተማሪ አይደርስላትም።