ላሊበላ፡ መጠለያዎቹ ሲነሱ ዝናቡን ምን ይመክታል?

በላስታ ተራሮች ክረምት ሲገባ ዝናቡ ብቻውን አይመጣም። ነፋስ ይቀድመዋል፤ አንዳንዴም በረዶ ይቀላቀልበታል። ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው የላሊበላ ከተማ ሐምሌና ነሐሴ ምስማሩ የላላ የቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ የሚፈተንበት ወቅት ነው።

የቆርቆሮው መላ ግን ቀላል ነው። ያረጀው ይነቀላል፤ አዲስ ይመታል። ከአንድ ወጥ ዐለት ተፈልፍለው ለቆሙት 11 አብያተ ክርስቲያናት ይህ መላ አይሠራም። ጣሪያቸው፣ ግድግዳቸውና ወለላቸው አንድ ድንጋይ ነው። የሚያፈስ ጣሪያ ተነሥቶ በሌላ አይተካም፤ ያለው አማራጭ ስንጥቁን ፈልጎ ማግኘትና እዚያው ላይ እንዳለ ማከም ነው።

ከአሥራ አምስት ዓመታት በላይ ይህን ሥራ የሚያዘገይ ሌላ መፍትሔ በአብያተ ክርስቲያናቱ አናት ላይ ቆሟል። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአውሮፓውያኑ 2008 የተተከሉት አራት ግዙፍ መጠለያዎች ቤተ መድኃኔዓለምን፣ ቤተ ማርያምን ከቤተ መስቀል ጋር፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን ይሸፍናሉ። ሲተከሉ ጊዜያዊ ናቸው ተብሎ ነበር። ዛሬ የከተማዋ ነዋሪዎች የሚፈሩት ዝናቡን ብቻ ሳይሆን መጠለያዎቹንም ጭምር ነው።

የነዋሪዎቹ ጥያቄ "ይነሱልን" የሚል ነው፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ከእርሱ ቀድሞ መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ ግን ብዙም ሲነሳ አይሰማም። መጠለያው በተነሳ ማግስት የሚዘንበው ዝናብ ምን ላይ ያርፋል?

ጠብታው የሚታይበትና ውኃው የገባበት

ቤቱ የሚያፈስበት ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ጠብታው ከወደቀበት ቦታ በቀጥታ ወደ ላይ ሲታይ ቀዳዳው እዚያ አይገኝም። ውኃ በአንድ በኩል ይገባል፤ ተንሸራቶ በሌላ በኩል ይወጣል። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይህ ርቀት የአንድ ማገር ያህል ሊሆን ይችላል። በዐለት ጣሪያ ውስጥ ግን ውኃው የሚጓዘው ዓይን በማያየው የድንጋዩ ንቃቃት ውስጥ ነው። በአንድ ክረምት የገባው ርጥበትም ዝናቡ ካባራ ከረጅም ጊዜ በኋላ ሊታይ ይችላል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ተመራማሪዎቹ አስፋወሰን አሥራትና ዮዲት አያሌው በአውሮፓውያኑ 2011 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ አብያተ ክርስቲያናቱ በአመዛኙ የተፈለፈሉት ስኮሪያ ከሚባለው ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ለመፈልፈል የሚመች ድንጋይ ነው። ውኃ ለመምጠጥም እንዲሁ። የጥንቶቹ ጠራቢዎች ያን የሚያህል ሕንፃ ከላይ ወደ ታች እየፈለፈሉ ለማውጣት ያስቻላቸው የድንጋዩ ባሕርይ ዛሬ ሕንፃውን የሚያዳክመውም እርሱ ነው።

ስንጥቆቹም ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናቱ ከመፈልፈላቸው በፊት በዐለቱ ውስጥ የነበሩ ናቸው። ሌሎቹ ከመሬት መንቀጥቀጥ፣ ከዘመናት ብዛትና ከዝናብና ፀሐይ መፈራረቅ የመጡ ናቸው። ስንጥቅ ውስጥ የበቀለ የድንጋይ ሽበትም ሆነ ሥር የሰደደ ሣር ክፍተቱን በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ያሰፋዋል።

ውኃው የሚመጣው ከላይ ብቻ አለመሆኑ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው ከአውሮፓውያኑ 1978 ወዲህ ስለ ሥፍራው ባሰባሰበው መረጃ እንደሚገልጸው፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩት የውኃ መውረጃ ቦዮች ለብዙ ዘመን በአፈር ተሞልተው ቆይተዋል። የተጠረጉት በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። የመሬት መንቀጥቀጥም ፍሰታቸውን አዛብቶታል። ድርጅቱ በውኃ ሳቢያ አብዛኞቹ ሕንፃዎች በአሳሳቢ ሁኔታ ላይ እንደሚገኙ፣ በተለይ ቤተ አማኑኤል የመደርመስ አደጋ እንደተጋረጠበት አስታውቋል።

ይህ ማለት ግድግዳው እግር ላይ የሚታየው ርጥበት ከጣሪያው የወረደ ሳይሆን ከመሬት የተሳበ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በጣሪያው ላይ ምንም ያህል ቢደከም ቦዩ ከተደፈነ ግድግዳው መርጠቡን አያቆምም። ምንጩን ለመለየት ደግሞ በበጋ ስንጥቆቹን አንድ በአንድ መመዝገብ፣ በክረምት የትኛው እንደሚያስገባ ማየት፣ ከዚያም በቀጣዩ ዓመት ይህንኑ መድገም ያስፈልጋል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሪባን የሚቆረጥለትም አይደለም።

ሬንጅ፣ ሲሚንቶ እና ቆርቆሮ

የላሊበላን ጣሪያዎች ለመጠገን የተደረገው ሙከራ ሰባ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው። ታሪኩ ግን በከፊል አንዱ የሠራውን ሌላው የማፍረስ ታሪክ ነው።

በአውሮፓውያኑ 1950ዎቹ ውኃ እንዳያስገቡ በሚል በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀባ። ሐሳቡ ለጊዜው አሳማኝ ነበር፤ ሬንጅ ውኃ አያስገባምና። ችግሩ ሬንጅ ውኃ አያስወጣምም። በሌላ በኩል የገባው ርጥበት መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመሩትና ዛሬ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ ተብሎ የሚታወቀው ድርጅት የደገፈው ቡድን ወደ ላሊበላ ሲመጣ ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ይህንን ልባስ መላጥ ነበር።

ሲሚንቶም ከዚህ የተለየ ዕጣ አልገጠመውም። ሲሚንቶ ከስኮሪያ ይልቅ ጠጣር ነው። ቀን በፀሐይ ሲግል፣ ሌሊት በብርድ ሲኮማተር ሁለቱ እኩል አይንቀሳቀሱም። ስለዚህ የተደፈነው ስንጥቅ ከጎኑ ሌላ ስንጥቅ ይወልዳል፤ ውኃውም በአዲሱ ይገባል። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን ጣሪያው የተጠገነ ይመስላል።

ከዚያም በእንጨትና በብረት መወጣጫ ላይ የታሰሩ የቆርቆሮ ክዳኖች ተከተሉ። ለዓመታት ላሊበላን የጎበኙ ሰዎች ፎቶግራፎች ላይ እነዚህ ክዳኖች አሉ። መልካቸው ለማንም ደስ የሚል አልነበረም። የ2008ቱ መጠለያዎች የመጡት እነዚህን ለመተካት ነው። ዘመናዊ፣ በብረት ምሰሶ ላይ የቆሙ፣ ሸራ መሰል ነገር የተወጠረባቸውና ሲያስፈልግ ተፈትተው የሚነሱ ተደርገው ተነደፉ።

ጥላው ሲከብድ

መጠለያዎቹ አንድ ነገር ማድረጋቸው አይካድም። በሸፈኗቸው አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ ላይ በቀጥታ የሚወርደውን ዝናብ አስቁመዋል። በውስጣቸው ያሉት ጥንታዊ ሥዕሎች ከጥፋት ጊዜ አግኝተዋል። "ምንም አልጠቀሙም" የሚለው ስሜት እውነታውን አያሳይም።

ሆኖም ዋጋ አስከፍለዋል። ዩኔስኮ ራሱ የሥፍራውን ገጽታ መጉዳታቸውን አምኗል። ለዘመናት በየክረምቱ ሲርስና በየበጋው ሲደርቅ የኖረው ዐለት በድንገት ከዝናብ መለየቱ ድንጋዩን ከመጠን በላይ አድርቆ ለመሰንጠቅ ዳርጎታል የሚሉ ባለሙያዎችም አሉ። ከሁሉ በላይ ግን ነዋሪውንና ካህናቱን ያሳሰበው ክብደቱ ነው። ነፋስ ሲነሳ መጠለያው ይንቀጠቀጣል። ምሰሶ ቢወድቅ የሚወድቀው የት ላይ እንደሆነ ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ይህ ፍርሃት ባዶ አለመሆኑን ለማየት ወደ ለንደን መመልከት ይበቃል። በአውሮፓውያኑ የካቲት 18/2022 ዩኒስ የተሰኘው አውሎ ነፋስ ብሪታኒያን ሲመታ፣ በግሪንዊች የሚገኘው የኦቱ አዳራሽ ነጭ ክዳን በብዙ ቦታ ተቀዳደደ። ያ ክዳን በ1999 መጨረሻ አካባቢ የተመረቀ፣ በሀብታም ከተማ መሐል የቆመና ጠባቂና የጥገና በጀት ያለው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለው የተወጠረ ልባስ ግን ለአንድ ቀን ነፋስ አልበቃም። ለንደን ላይ ባለሙያዎች ወዲያው በገመድ ተንጠልጥለው ጥገናውን ጀመሩ። ላሊበላ ላይ ተመሳሳይ ነገር ቢደርስ መለዋወጫውም ባለሙያውም የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው።

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማዋ ነዋሪዎች አደባባይ ወጥተው መጠለያዎቹ እንዲነሱ ጠየቁ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በዚያው ጥቅምት ፓሪስ ላይ ጉዳዩን ለፕሬዝዳንት ኢማኑኤል ማክሮን አነሱ፤ ማክሮንም በመጋቢት ላሊበላ ድረስ መጥተው ፈረንሳይ እንደምታግዝ ቃል ገቡ። ኢትዮጵያውያንና ፈረንሳውያን ባለሙያዎች ጥናት ጀመሩ።

ያለ መጠለያ የተጠገኑት

ክርክሩ ብዙ ጊዜ "መጠለያ ወይስ ዝናብ" ተብሎ ይቀርባል። እዚያው ላሊበላ ውስጥ ግን ሦስተኛ መንገድ በተግባር ተሞክሯል።

ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለሥልጣን ጋር፣ በአሜሪካ መንግሥት የገንዘብ ድጋፍ፣ በአውሮፓውያኑ 2010ሮቹ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን፣ ቀጥሎም ቤተ ጎልጎታ ሚካኤልን ጠግኗል። እነዚህ የ2008ቱ መጠለያ ያልተተከለባቸው ናቸው። አካሄዱ ከላይ ከመሸፈን ይልቅ ጣሪያውን ራሱን ማከም ነበር። ያረጀው የሲሚንቶ ጥገና ተነሥቶ ከድንጋዩ ጋር የሚስማማ የኖራ ምርጊት ተተካ፤ ውኃውም ሳይተኛ እንዲወርድ ተደረገ። ከአካባቢው የተውጣጡ ሠራተኞችም ሙያውን እየሠሩ ተማሩ።

የኖራ ምርጊት ትልቁ ጠቀሜታው ደካማነቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ርጥበት ያስተነፍሳል፤ ድንጋዩ ሲንቀሳቀስም በድንጋዩ ፈንታ ራሱ ይሰነጠቃል። ለዚህ ጠቀሜታ የሚከፈለው ዋጋ በየጊዜው መታየትና መታደስ የሚፈልግ መሆኑ ነው። አንዴ ተሠርቶ ለሃምሳ ዓመት አይተውም።

ለዚህም ነው የላሊበላ ጥያቄ በመጨረሻ የቁሳቁስ ሳይሆን የኃላፊነት ጥያቄ የሚሆነው። አብያተ ክርስቲያናቱ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ንብረትና የዕለት ተዕለት የጸሎት ቦታ ናቸው። ጥገናውን የሚፈቅደው የፌዴራሉ የቅርስ ባለሥልጣን ነው። የክልሉ መንግሥት ድርሻ አለው፤ ዩኔስኮም ይከታተላል። ገንዘቡ የሚመጣው ከብራስልስ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከፓሪስ ነው። ይህ ሁሉ ባለድርሻ ባለበት፣ በግንቦት መጨረሻ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሣር የሚነቅል፣ አሸንዳ የሚጠርግና የላላ ምርጊት የሚያድስ ቋሚ ደመወዝተኛ ቡድን መኖር አለበት። ለጋሾች ፕሮጀክት ይወዳሉ፤ ፕሮጀክት ደግሞ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ዝናብ ግን በየዓመቱ ይመለሳል።

የባከኑ በጋዎች

የጣሪያ ጥገና ወቅት አለው። በላስታ ዋናው ሥራ የሚሠራው ዝናቡ ካቆመበት ከጥቅምት ጀምሮ ነው። የልደት በዓል ከአገሩ ዳርቻ ሁሉ እጅግ ብዙ ምእመናንን የሚያመጣ በመሆኑ የታኅሣሥ መጨረሻ ለግንባታ አይመችም። የበልግ ዝናብም አለ። ጥሩ በጋ የሚባለው ጥቂት ወራት ናቸው።

ከእነዚህ በጋዎች በርካቶቹ ለጦርነት ሄደዋል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የትግራይ ኃይሎች ከተማዋን ያዙ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። ያ ሙሉ የሥራ ወቅት ነበር። ቀጥሎ በአማራ ክልል በፋኖ ታጣቂዎችና በመንግሥት ኃይሎች መካከል የተቀሰቀሰው ግጭት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ላሊበላንም ነክቷል። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ከከባድ መሣሪያ ተኩስ የሚመጣው ንዝረት አብያተ ክርስቲያናቱን ይጎዳል የሚል ስጋት ከከተማዋ ተሰምቷል። ቀድሞ የተሰነጠቀ ዐለት ላይ ንዝረት ምን እንደሚያደርግ በሰላም ጊዜም ቢሆን ለማጥናት ዓመታት ይወስዳል።

ቱሪስት ሲጠፋ ደግሞ የጥገና አቅም አብሮ ይጠፋል። አስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛውና የቤተ ክርስቲያኒቱ ገቢ ሁሉ በጎብኚ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የኖራ ምርጊት የተማረ ወጣት ሥራ ካጣ ሙያውን ይዞ ይሰደዳል፤ ያኔ ሥልጠናው ከዜሮ ይጀምራል።

በዚህ ሁኔታ መጠለያዎቹን በአንድ ጊዜ ማንሳት አደገኛ ነው፤ ባሉበት መተውም እንዲሁ። የሚቀረው መንገድ ከሥራቸው ያለውን ጣሪያ እየጠገኑ አንድ በአንድ ማውረድ ይመስላል። መጠለያው እስካለ ድረስ ዝናብ ሥራውን ስለማያቋርጥ፣ ዛሬ የሚጠላው ክዳን ለጠጋኙ የሥራ ዳስ ሊሆነው ይችላል። ምሰሶዎቹን ግን እስከዚያው በነፋስ ወቅት በየጊዜው መመርመር የግድ ነው።

በሌላኛው የከተማዋ ጫፍ ቤተ ጊዮርጊስ ያለ መጠለያ ቆሟል። በጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹ ሦስት መስቀሎች አሉ። የዝናቡን ውኃ ወደ ውጭ የሚወረውሩ አሸንዳዎችም ከዚያው ዐለት ወጥተዋል። ከአሥራ አንዱ በተሻለ ሁኔታ ላይ የሚገኘው እርሱ ነው። ቤተ አማኑኤል ደግሞ እስካሁን በመጠለያው ሥር ተራውን ይጠብቃል።