ማን አሰረው? ስንት ሰዓት?

ሰሞኑን አንዲት አያት ደውለውልኝ ነበር። የልጅ ልጃቸው ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ከሆዱ በታች በታጠፈ አንሶላ ጥፍር ተደርጎ ታስሮ አገኙት። «ልጁ አመመኝ እያለ ለምን እንዲህ ይጠፍሩታል?» አሉኝ።

የዳሌ አጥንት እንደ ቀለበት ነው። በመኪና ግጭት ወይም ከፎቅ በመውደቅ ቀለበቱ ሲከፈት ደም ሥሮች ይበጠሳሉ። ደሙ ወደ ውጭ አይታይም፤ ካለን አምስት ሊትር ገደማ ደም ሁለት ሦስቱ እዚያው ውስጥ ፈስሶ ሊቀር ይችላል። ማሰሪያው ቀለበቱን መልሶ ይገጥመዋል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ አለ፤ ከሌለ አንሶላም ይሠራል። ቦታው ግን ወገብ አይደለም። እጃችሁን ሱሪ ኪስ ስትከቱ ጎናችሁ ላይ የምትዳስሱት ጠንካራ አጥንት ላይ ነው። (ቤት ውስጥ አዳልጧቸው የጭናቸው አጥንት የተሰበረ አዛውንት ጉዳያቸው ሌላ ነው፤ ይህ ማሰሪያ ለእሳቸው አይደለም።)

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ወረቀቱ ነው። ተረኛ ሳለሁ አንድ ወጣት ታስሮ ከጤና ጣቢያ ተልኮ መጣ። የሪፈር ወረቀቱ ላይ ስለ ማሰሪያው አንድም ቃል የለም። ራጅ ሲነሳ ዳሌው ደህና መሰለ። ለካ ደህና ያስመሰለው ማሰሪያው ራሱ ነው! «ፍቺው» ተባልኩ፣ ፈታሁት። ብዙም ሳይቆይ ልጁን ላብ አጠመቀው፤ የደም ግፊቱ ወረደ። እጄ እየተንቀጠቀጠ መልሼ አሰርኩት። ደም ተሰጠው፣ ተረፈ። አባትየው ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ነበር። ማን እንዳሰረው፣ ስንት ሰዓት እንደታሰረ፣ ሁሉንም ያውቁ ነበር። ማናችንም አልጠየቅናቸውም።

ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን ፕላስተር ላይ ጽፌ ማሰሪያው ላይ እለጥፍ ጀመር፤ ካርድ ይጠፋላ! ማሰሪያው ሲቆይ ቆዳ ያቆስላል። ለዚህም ነው ቆዳው በየጊዜው የሚታየው፣ ከ24 ሰዓት በላይም እንዳይቆይ የሚመከረው። ሰዓቱ ካልተጻፈ 24 ሰዓት ከመቼ ይቆጠራል?

አደጋው ቦታ ላይ ከሆናችሁ ልጁን አታገላብጡት፣ «እስቲ ቁም» አትበሉት፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ። ከታሰረ በኋላም አዝናችሁ እንዳታላሉለት።

አያትየው በማግስቱ መልሰው ደወሉ። ተረኛዋ ስትቀየር አዲሷን ነርስ ይዘው «ማታ 2 ሰዓት ነው የታሰረው፣ ጻፊው» ብለዋታል። እስክትጽፍም አጠገቧ ቆሙ።