ማኅተሙን አስቀምጡ፣ ማሽኑን ክፈቱ

ባለፈው ታኅሣሥ ጣራ ገዳምን ተሳልሜ ስመለስ አፋፉ ላይ ቆም አልሁ። ከኋላዬ ገዳሙ ዘመናት የጠበቀው ደን፣ ከታች እስከ ጣና የሚዘረጋው የፎገራ ሜዳ። ሩዙ ታጭዶ ክምሩ በየአውድማው ቆሟል። በሩቁ በወረታ አቅጣጫ ቀጭን ጭስ ይወጣል። የምን ጭስ እንደሆነ የአገሩ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሩዝ ገለፈት ነው። ካልተፈተገ አንድ ኩንታል ሩዝ 20 ኪሎ ያህሉ ገለፈት ነው። እኛ መንገድ ዳር ደፍተን እሳት እንለኩስበታለን። ሕንዶች ቢሀር ውስጥ በዚሁ ገለፈት ጋዝ እያመረቱ መብራት የማያውቁ መንደሮችን አብርተውበታል።

ያን ዕለት አንጀቴን ያቃጠለው ግን ጭሱ አልነበረም። አጎቴ መሳቢያ ውስጥ ያለች ሦስት ገጽ ወረቀት ናት።

አጎቴ ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ አለው። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት የመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ለተግባር ልምምድ ደብዳቤ ይዛ መጣችበት። አጎቴ ደግ ሰው ነው። «ልጄ፣ እዚህ አቧራ ውስጥ ምን ትማሪያለሽ? ወረቀቱን አምጪውና ልፈርምልሽ፤ ቤተሰብሽ ጋ ሄደሽ እረፊ» አላት።

«ጋሼ፣ እኔ ፊርማ ፈልጌ አልመጣሁም። ማሽኑ ሲከፈት ልይ» አለችው።

የአጎቴ ችግር የወረታ መፈልፈያ ቤቶች ሁሉ ችግር ነው። ሩዙ ይሰበራል። ከማሽኑ አፍ ሙሉ ፍሬ መውጣት ሲገባው ድቃቂ ይፈስሳል። ነጋዴው ድቃቂውን አይቶ ዋጋ ይጥላል፤ የከተማው ባለ ሱቅ የውጭ አገር ሩዝ ይመርጣል። አጎቴ ምላጩን ቀይሯል፣ ወንፊቱን ቀይሯል፣ ኩሽኔታ ቀይሯል፣ ዘንጉን ባሕር ዳር ድረስ አሸክሞ ቶርኖ አስገብቷል። ድቃቂው አልቀነሰም።

ልጅቱ በሦስተኛው ቀን ማሽኑን ትታ ወደ ጆንያዎቹ ሄደች። ገና ያልተፈተገውን ሩዝ ከየገበሬው ጆንያ ቆንጥራ አወጣች። አንድ አንዱን ፍሬ በአውራ ጣቷ ጥፍር ፈለፈለችው። ከዚያ የስልኳን መብራት አብርታ ፍሬዎቹን በላዩ ደረደረችና አጎቴን ጠራችው። ጎንበስ ብሎ አየ። እኔም አየሁ። ፍሬው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ በአግድሙ ያልፋል። አንዱ ፍሬ ላይ አንድ፣ ሌላው ላይ ሦስት። ሩዙ መፈልፈያ ሳይገባ ገና ድሮ ተሰብሯል!

ነገሩ እንዲህ ነው። የታጨደው ሩዝ ቀን ፀሐይ ይመታዋል፣ ሌሊት ጤዛ ይወርድበታል። ደርቆ ይኮማተራል፣ ረጥቦ ያብጣል፣ በዚህ መሐል ይሰነጠቃል። ለመፈልፈል የሚመቸው እርጥበቱ 14 በመቶ አካባቢ ሲሆን ነው። በአጎቴ ቤት ይህን የለካ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ በጥርስ ነክሶ መገመት ነበር ልማዱ። ልጅቱ የእርጥበት መለኪያ ተውሳ አመጣችና ለካች። ሦስት ገጽ ጽፋ ሄደች። ሩዙ ማታ ማታ ሸራ ይልበስ፣ ምላጭና ወንፊት ያለው ባለ አንድ ዙር ማሽን በጎማ ሮለር ይቀየር፣ በደንብ ያደረቀ ገበሬ ጥቂት ብር ይጨመርለት። አጎቴ የሸራውን ነገር ለደንበኞቹ ነገራቸው። ሰምተው ያደረጉት ሰዎች ሩዝ በሚቀጥለው ዓመት ሲፈለፈል ልዩነቱ በዓይን ይታይ ነበር።

ከዚያስ? ከዚያ ምንም። ልጅቱን የላካት ትምህርት ቤት ምን አገኘች ብሎ አጎቴን አልጠየቀም። አንድ መምህር እንኳ ደውሎ አያውቅም። በዓመቱ ሌላ ተማሪ መጣ፤ ርዕሱ ከሩዝ ጋር የማይገናኝ፣ ካለፉት ዓመታት ጽሑፍ የተገለበጠ። አጎቴም ፈርሞ ሰደደው። ወረቀቷ መሳቢያ ውስጥ ናት፤ ጠርዟን ብል ጀምሯታል።

እኔም በዚሁ በር ያለፍሁ ሰው ነኝ። በተማሪነቴ ለልምምድ አንድ ፋብሪካ ተመድቤ ወራቱን ሙሉ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ብሎን ቆጥሬያለሁ። ማሽን ክፍሉ ደጃፍ ላይ «ታበላሽብናለህ» ተብዬ ተመልሻለሁ። ስጨርስ «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚል ማኅተም ተመታልኝ። ያ ማኅተም ውሸት ነበር። ፋብሪካው ዋሸ፣ ትምህርት ቤቱ ውሸቱን ፋይል አደረገው፣ እኔም ተቀብዬ ተመረቅሁ። ዛሬም በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ወጣት በዚህ ውሸት ታጅቦ ይመረቃል። ከዚያ ያው የፋብሪካ ባለቤት «የዛሬ ኢንጂነር እጁ አይሠራም» ብሎ ይራገማል። እጁን ያሰርኸው አንተ አይደለህም ወይ?

የኢንዱስትሪና የዩኒቨርሲቲ ትስስር የሚባለውን ነገር ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተነዋል። ጠረጴዛው አበባ ይደረደርበታል፣ የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል፣ እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ምሳ ይበላል። በዓመቱ ደግሞ ያው ሰነድ ይታደሳል፤ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። ከሰነዱ በኋላ የትኛው ማሽን ተከፈተ? የትኛው ወንፊት ተቀየረ? ለዚህ መልስ ያለው ካለ ይናገር!

ያልተቻለ ነገር እየጠየቅሁ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ኸርማን ሽናይደር የሚባል መምህር እ.ኤ.አ. በ1906 ተማሪዎቹን አንድ ሳምንት ክፍል፣ አንድ ሳምንት ፋብሪካ እያፈራረቀ ማስተማር ጀመረ። ያኔም የሳቀበት ሞልቶ ነበር። ዛሬ ዓለም ላይ ያሉ በርካታ ስመ ጥር የምህንድስና ትምህርት ቤቶች በዚያ መንገድ ይሄዳሉ። ሩዝን ካነሳን ደግሞ ፊሊፒንስ ያለው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሩዝ መውቂያ ማሽን ነደፉና ንድፉን ለትናንሽ የብረታ ብረት ቤቶች በነፃ አደሉት። ላሜራ ቆራጩ፣ በያጁ፣ የመንደሩ ጋራዥ ሁሉ ሠራው። እዚያ ተቋሙ ነደፈ፣ ድርጅቱ ሠራ፣ ገበሬው ገዛ።

ከፊሊፒንስ በፊትስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ነበር። አፄ ቴዎድሮስ የሚፈልገውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ እሳቱ ዳር ቆሞ «የት ደረሰ?» የሚል ደንበኛ ነበሩ። የአውሮፓ ባለሙያዎቹ ከአገሩ ልጆች ጋር ብረታ ብረት አቀለጡ፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወጣ። አዎ፣ ማስገደድ ነበረበት፤ ያን አላወድስም። ቁጭቴ ሌላ ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፣ እውቀቱም አብሯቸው ወጣ። ጋፋት ተረካቢ አልነበራትም። የዚያች ተማሪ ሦስት ገጽም እንደ ጋፋት ተረካቢ አጥታ ቀረች።

የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እገዛ ሲከፈት ካስተማራቸው ሙያዎች አንዱ የእርሻ መካኒክስ ነበር፤ ሌላው ጨርቃ ጨርቅ ነው፣ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ እዚያው ከተማው ውስጥ ነበርና። ያኔ ያሰበው ሰው በትክክል አስቧል። ከፖሊ ግቢ ወረታ ድረስ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በሌላ በኩል ከዚያም ይቀርባል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉ ደግሞ እዚያው ወረታ ላይ ተቀምጧል፤ ጃፓን በትብብር ድርጅቷ በጃይካ በኩል ደግፋዋለች። ሩዙ በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ጅግናና ሻጋ ቀበሌዎች ከገባ ወዲህ ገበሬው ተቀብሎ ሜዳውን ሞልቶታል፣ ከጤፍ ቀላቅሎ እንጀራ አድርጎታል። ዘሩ አለ፣ ገበሬው አለ፣ ማሽኑ አለ፣ መሐንዲሱ አለ። የጎደለው በመሐላቸው የሚመላለስ እግር ነው።

«ተማሪ ማሽኔን ይሰብርብኛል፣ ሥራ ያስፈታኛል» የምትሉ ባለ ፋብሪካዎች፣ እስቲ አብረን እናስላ። ባለ አንድ ዙር የመንደር መፈልፈያ ከመቶ ኪሎ ያልተፈተገ ሩዝ ከ53 እስከ 55 ኪሎ ነጭ ሩዝ እንደሚሰጥ የሙያው ሰዎች ጽፈውታል፤ ከዚያም ሙሉ ፍሬው 30 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የጎማ ሮለሩ ከ60 በላይ ይሰጣል። ልዩነቱን በኩንታል 5 ኪሎ ብቻ ብንይዘው፣ በወቅቱ 1000 ኩንታል የሚፈለፍል ቤት 50 ኩንታል ሩዝ ያጣል። በልምምዱ ወራት አንድ ተማሪ ማብላትና ማሳደር የዚህን ስንት እጅ ያወጣል? «ምስጢሬ ይወጣል» የሚለውስ የምን ምስጢር ነው? የወረታ መፈልፈያ ሁሉ አንድ ዓይነት ማሽን ነው፤ ቺንጋው ሲበጠስ የሚገዛውም ከአንድ ሱቅ ነው።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። ባነር ማሠሪያ ገንዘብ አትስጡ። ያስመረራችሁን አንድ ችግር በአንድ ገጽ፣ በራሳችሁ ቋንቋ ጻፉና ለትምህርት ክፍሉ ላኩ፤ «ሩዜ ለምን ይሰበራል?» ብትሉ ይበቃል። የመጣውን ልጅ መኝታና ምሳ ስጡት። ማሽኑን ክፈቱለት፣ የሃያ ዓመት ልምድ ካለው መካኒካችሁ ጎን አቁሙት። መካኒኩንም በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ወደ ዩኒቨርሲቲው ላኩት፣ ተማሪ ፊት ቆሞ ያስተምር፣ አበሉን ክፈሉት። ያልሠራ ልጅ ላይ አትፈርሙ። የሠራውን ቅጠሩት። አንድ መፈልፈያ ብቻውን ካልቻለ አምስት ሆናችሁ አንድ ችግር፣ አንድ መምህር፣ ሦስት ዓመት ያዙ።

መምህራን ሆይ፣ እናንተም አትድኑም። ሩዙ የሚወቃው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ተማሪውን ክረምት ላይ ልካችሁ የቆመ ማሽን ምን ያስተምረዋል? የልምምዱን ጊዜ ከአዝመራው ጋር አግጥሙት። ነገሩ ሩዝ ላይ ብቻ አያበቃም፤ እምቦጭ የተባለው አረም የፎገራን ዳርቻ ሲወርር ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል አይተናል። ያን ሕዝብ በእጁ ብቻ መተው በኢንጂነርነታችን ሊያሳፍረን ይገባል።

ሰላም ሲታጣ መንገድ እንደሚዘጋ፣ መምህሩም ተማሪውም እንደሚሰጋ አላጣሁትም፤ እኛም የምንኖረው እዚሁ ነው። መንገዱ ክፍት የነበረባቸውን ዓመታት ግን ምን ሠራንባቸው?

የወረታ ባለ መፈልፈያዎች፣ ሩዙ ኅዳር ላይ ይታጨዳል፤ የተማሪ ምደባ መሠራት ያለበት ከዚያ በፊት ነው። ያቺን አንድ ገጽ መስከረም ሳያልቅ ጻፉ። አጎቴ የራሱን ጽፎ ጨርሷል፤ የልጅቱን ሦስት ገጽም አባሪ አድርጎበታል።