በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ መድኃኒት

ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ዴንቨርና ኦሮራ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በፓርቲ ብንለያይ፣ በቤተ ክርስቲያን ብንከፋፈል፣ በኳስ ቡድን ብንጣላ፣ ሁላችንም የምንገናኝበት አንድ ቦታ አለ፤ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ የተንጣለለው የአንሹትዝ የሕክምና ግቢ። ድሮ ፊትዝሲሞንስ የሚባል የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ነበር፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1955 ልባቸውን ታመው ለሳምንታት የተኙት እዚያ ነው። ጦሩ በ1990ዎቹ መጨረሻ ለቅቆ ሲወጣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤቱንና ሆስፒታሉን ወደዚያ አዛወረ፤ የሕፃናቱ ሆስፒታልም በ2007 ተከተለ። ዛሬ ከእኛ መካከል እዚያ ያልወለደ፣ ያልታከመ፣ ወይም ሌሊት ወለሉን ያልወለወለ፣ በሽተኛ ያላገላበጠ፣ መኪና ያላቆመ ቤተሰብ ማግኘት ይቸግራል።

በዚህ ዓይነት ግቢዎች ውስጥ የዘመኑ ትልቁ ወሬ የጂን ሕክምና ነው። በታኅሣሥ 2023 ኤፍዲኤ የተባለው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ለሲክል ሴል የደም በሽታ ካስጄቪ የሚባለውን ሕክምና ሲፈቅድ ዋጋው ለአንድ ሰው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ተባለ። ጥሩ ነው፣ ለታመመ ሁሉ ይድረሰው። ነገር ግን ሲክል ሴል በደጋው የአገራችን ክፍል ብዙም የሚታወቅ በሽታ አይደለም። የእኛ የጂን ጉዳይ ሌላ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ከታወቀም ወደ 30 ዓመት ሆኖታል፣ ማስታወቂያ የሚሠራለት ግን የለም።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የምንውጠውን መድኃኒት ከሚያብላሉት የጉበት ኢንዛይሞች አንዱ ሲፕ ቱ ዲ ሲክስ ይባላል። ስሙ ለአፍ አይመችም፣ ቢሆንም ያዙት፤ ሐኪሙም ፋርማሲስቱም ያውቁታል። ብዙው ሰው ይህን ኢንዛይም የሚሠራውን ጂን አንድ ከእናቱ አንድ ከአባቱ ሁለት ቅጂ ይወርሳል። አንዳንዱ ግን ሦስት፣ አራት፣ ከዚያም በላይ ይይዛል። ቅጂው በበዛ ቁጥር ጉበቱ በፍጥነት ይሠራል። በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም መካከል የእኛዋ ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉ፣ በ1996 ባወጡት ጥናት ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ እንዲህ የተደራረበ ጂን ተሸካሚ ሆነው ተገኙ። በስዊድናውያን ዘንድ ቁጥሩ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። ከሦስታችን አንዳችን ለማለት ትንሽ ነው የሚቀረው።

ለምን እኛ? ከተመራማሪዎቹ አንዳንዶቹ የሚሰነዝሩት መላ ምት አለ፤ የቀደሙ ትውልዶች በክፉ ቀን መራራና መርዛም ተክል ሳይቀር እየበሉ ሲያልፉ፣ መርዙን ቶሎ የሚያረክስ ጉበት የነበራቸው በሕይወት ተርፈው ወለዱ የሚል። መላ ምት ነውና እንደ መጨረሻ ቃል አትያዙት። የረኀብ ታሪካችን ጉበታችን ውስጥ ሳይቀር ተጽፎ ሊሆን ይችላል ብዬ ሳስብ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ጉዳቱ የት ላይ ነው? ኮዴይንን እንውሰድ፤ እዚህ አገር ብዙዎቻችን ታይሌኖል ቁጥር 3 ብለን የምናውቀው ውስጥ ያለው ማስታገሻ ነው። ኮዴይን ራሱ ብዙም ሕመም አይቆርጥም። ሥራውን የሚሠራው ጉበት ውስጥ ገብቶ ያ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ጂኑ ለተደራረበበት ሰው መጠነኛ የተባለችው እንክብል በአንድ ጊዜ ብዙ ሞርፊን ትሆናለች፤ ሞርፊን ሲበዛ ደግሞ ትንፋሽ ያቆማል። ኤፍዲኤ በነሐሴ 2012 እንዳስታወቀው፣ ቶንሲላቸውን ተቀድደው ኮዴይን ከተሰጣቸው ከ2 እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት መካከል ሦስቱ ሲሞቱ አንዱ ለጥቂት ተርፏል። የታዘዘላቸው የተለመደው መጠን ነበር። በ2013 መድኃኒቱ ላይ ከፍተኛው ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ። በ2017 ደግሞ ኮዴይንና ትራማዶል ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሰጡ፣ የምታጠባ እናትም እንዳትወስዳቸው ተነገረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኤፍዲኤ ያን ጊዜ ካወጣው ማስጠንቀቂያ ጋር ሠንጠረዥ አያይዞ ነበር፤ በየትኛው ሕዝብ ውስጥ ስንት ከመቶ ሰው እንዲህ ፈጣን ጉበት እንዳለው የሚያሳይ። ከሁሉ በላይ ያለው የእኛ ስም ነበር፣ ኢትዮጵያ፣ 29 በመቶ። አፍሪካን አሜሪካውያን ከ3.4 እስከ 6.5 በመቶ። ከ2017ቱ ማስጠንቀቂያ በኋላ የታደሰውን የመድኃኒቱን መግለጫ ስታነቡ ግን፣ ከፍተኛ ቁጥር ያላቸው ተብለው ሰሜን አፍሪካውያን፣ መካከለኛው ምሥራቆች፣ የአሽኬናዚ አይሁዶች፣ ፖርቶሪኮዎችና የኦሺኒያ ሰዎች ሲጠሩ ኢትዮጵያ የለችም። ተንኮል ነው አልልም። ሆን ተብሎ ከመሰረዝ ይልቅ የሚጮህለት ባለቤት ከማጣት የሚጠፋ ስም ይበዛል።

ሆስፒታል ስንገባ የምንሞላው ቅጽ ደግሞ ጭራሹን ያጠፋናል። ሳጥኗ አንዲት ናት፣ «ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን»። (ይህን ስል «እኛ ጥቁር አይደለንም» የሚሉ ወገኖቻችንን ባዶ ጉራ እየደገፍኩ እንዳይመስላችሁ። ጥቁር ነን፤ ፖሊስም እንደዚያው ነው የሚያየን። ጉበት ግን ቅጽ አያነብም።) ሳጥኗ ከእኛ አልፋ ለአፍሪካ ራሷም አትበቃም። ኤፋቪረንዝ የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት በሚመለከት በ2013 የወጣ ጥናት፣ እኩል መጠን ከወሰዱ የኢትዮጵያና የታንዛኒያ ሕሙማን በታንዛኒያውያኑ ደም ውስጥ የተገኘው መድኃኒት ከእኛዎቹ የበለጠ እንደነበር አሳይቷል። ጎረቤት የሚባሉ አገሮች እንዲህ ከተለያዩ አንዲት ሳጥን ምን ትነግረዋለች ለሐኪሙ?

ነገሩ ተገልብጦም ይመጣል። ሥራቸውን እንደተዋጡ የሚጀምሩ፣ ያ ኢንዛይም ግን አብላልቶ የሚያስወግዳቸው መድኃኒቶች አሉ፤ ለነርቭ ሕመምና ለድብርት የሚታዘዘው ኖርትሪፕቲሊን፣ ነፍሰ ጡርና ካንሰር ታካሚ ሲያስመልሳቸው የሚሰጠው ዞፍራን። ፈጣን ጉበት ያለው ሰው ሲውጣቸው ሳይሠሩ ሊጠፉ ይችላሉ። ሕመምተኛው «አልሠራልኝም» ይላል። ሐኪሙ «በትክክል አልወሰድክም» ይላል። ስንቱ ወገናችን ነው በዚህ ምክንያት ትእዛዝ የማያከብር፣ አስቸጋሪ፣ ምናልባትም ሱሰኛ ተብሎ መዝገቡ ላይ የተጻፈበት? እንግሊዝኛው ያልያዘለት ደግሞ የአሥር ዓመት ልጁ እያስተረጎመለት ነው። ልጅን ለማስተርጎም መጠቀም ሕጉ ከድንገተኛ አደጋ በቀር የሚከለክለው ነገር ነው፤ በነፃ አስተርጓሚ ይገባናል፣ እንጠይቅ።

አንድ ሌላ ግኝት ደግሞ ስደተኛን በቀጥታ ይመለከታል። እነ ፕሮፌሰር እሌኒ በ2002 ባወጡት ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉትንና ስዊድን የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን ሲያነጻጽሩ፣ አንድ ዓይነት ጂን ይዘው ሳለ አገር ቤት ያሉት ጉበታቸው ዘገም ብሎ ተገኘ። ምግቡ ይሁን ሌላ፣ አካባቢው የሚጨምረው ነገር አለ ማለት ነው። ስለዚህ «አገር ቤት ስወስደው ምንም አላደረገኝም» የሚለው የተለመደ ማረጋገጫችን እዚህ ላይሠራ ይችላል። ከዚህ ጋር የአንድ ልማዳችንን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ጥርሷን የተነቀለች ጎረቤት ስታቃስት «የእኔ ተርፏል፣ ውሰጂ» ብሎ ጠርሙስ ማቀበል እንደ ደግነት ይቆጠራል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥም ከጫማውና ከሽቶው መሐል ለእናት የተላከ ማስታገሻ አይጠፋም። ቁጥሩን አስታውሱና ከዚያ በኋላ ስለ ደግነቱ አስቡበት።

ይህን ሁሉ ለማስተካከል የሚያስፈልገው እውቀት ከደጃችን አለ። በዚያው በአንሹትዝ ግቢ በ2014 የተቋቋመው የኮሎራዶ የግላዊ ሕክምና ማዕከል ከበሽተኞች በፈቃዳቸው ደም እየወሰደ፣ ጂናቸውን እያነበበ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማቸው በሕክምና መዝገባቸው ላይ ማስፈር ጀምሯል። ከቀደሙት አንዱ ፕላቪክስ እየተባለ የሚሸጠው የደም ማቅጠኛ ነው። ፕላቪክስን በተመለከተ የሃዋይ ግዛት በ2014 አምራቾቹን ከስሶ ነበር፤ በብዙ የእስያና የፓስፊክ ደሴቶች ተወላጆች ላይ ደካማ መሆኑን እያወቃችሁ አልተናገራችሁም ብሎ። ኩባንያዎቹ ክሱን አልተቀበሉም። በ2021 ከ834 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደባቸው፤ በ2023 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን በከፊል ሽሮ መለሰው፤ በ2024 በድጋሚ 916 ሚሊዮን ተፈረደ። እነዚያ ሕዝቦች መንግሥት ቆመላቸው። ለእኛ የቆመ የለም።

በአገር አቀፍ ደረጃ «ኦል ኦፍ አስ» የሚባለው ትልቅ የምርምር ፕሮግራም በ2022 መጨረሻ ላይ ለተሳታፊዎቹ ስለ መድኃኒትና ጂን ሪፖርት መስጠት ሲጀምር የያዘው ሰባት ጂኖች ነበር። ሲፕ ቱ ዲ ሲክስ ከሰባቱ አልነበረም። ምክንያቱ ክፋት አይደለም፤ የተለመደው ርካሽ ምርመራ በጂኑ ውስጥ የተለወጠችን አንዲት ፊደል ያነባል እንጂ ሙሉ ጂን ስንት ጊዜ እንደተደገመ መቁጠር ይቸግረዋል። የእኛ ነገር ደግሞ መደገሙ ነው። ስለዚህ ምርመራ ስትጠይቁ «የቅጂ ብዛት ይቆጠርልኝ» ማለት ያስፈልጋል፤ አለዚያ «ጤነኛ ነህ» ተብላችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ለብቻው የሚደረገው ምርመራ እንደ ጂን ሕክምናው ሚሊዮን አያስከፍልም፤ የመቶዎች ዶላር ጉዳይ ነው። ኢንሹራንስ አንዳንዴ ይሸፍናል፣ አንዳንዴ አይሸፍንም።

«ደሜን ለፈረንጅ ምርምር አልሰጥም» የሚል አለ። ፍርሃቱን አልንቅም። በተስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 ጥቁር በሽተኞችን ሳያክሙ ሲመለከቱ የኖሩት የመንግሥት ሐኪሞች ናቸው። የራሳችንም ሰው ስሙ በመዝገብ ሲሰፍር የሚደነግጥበት የራሱ ታሪክ አለው። በ2008 የወጣው የፌዴራል ሕግ አሠሪና የጤና ኢንሹራንስ ጂንን ምክንያት አድርገው እንዳያገልሉ ይከለክላል፤ የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይነካም። ይህን አውቆ መወሰን የእያንዳንዱ ፈንታ ነው። እኔ በበኩሌ ከምርምሩ ውጭ መቆማችን ከገባነው ይልቅ እየጎዳን ነው ባይ ነኝ። ያልተቆጠረ ሕዝብ መድኃኒት የሚለካለት በሌላው ቁመት ነው።

የኮሚዩኒቲ ማኅበራትና የእድር መሪዎች ሆይ፣ ሰው ሲሞት ሬሳ ለመላክ በአንድ ሌሊት ስንት ሺህ ዶላር እንደምናዋጣ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ኮልፋክስ ተሻግራችሁ ማዕከሉን አንድ ጥያቄ ብትጠይቁት ምን ይላችኋል? ኢትዮጵያውያን «ጥቁር» ከሚለው ሳጥን በተጨማሪ በስማቸው ይመዝገቡ፣ የጂኑ ቅጂ ይቆጠር፣ ፈቃድ የሚጠየቅበት ወረቀት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ይዘጋጅ። በሆስፒታሎቹ የሚሠሩ ነርሶቻችንና ፋርማሲስቶቻችን አብረዋችሁ ቢሄዱ ቀጠሮው ቶሎ ይገኛል።

እስከዚያው ድረስ፣ ይህን አንብቦ የያዘውን መድኃኒት በገዛ እጁ የሚያቆም እንዳይኖር አደራ። 29 በመቶ ማለት 71 በመቶው የተደራረበ ጂን የለውም ማለት ነው፤ ተሸካሚዎቹም ሁሉ እኩል ፈጣን አይደሉም። ቀዶ ሕክምና፣ የጥርስ ነቀላ ወይም ወሊድ ከፊታችሁ ካለ፣ ኢትዮጵያዊ መሆናችሁንና የዚህን ኢንዛይም ነገር አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ኮዴይን ወይም ትራማዶል ሊያዝ ካሰበ ሌላ ማስታገሻ እንዳለ ጠይቁት፤ አለ። የወሰደ ሰው እንቅልፉ ከብዶ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ካያችሁት «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» አትበሉ፤ 911 ደውሉ።