ስም ያለበት ብረት

የተከበራችሁ ወላጆቻችንና ሽማግሌዎቻችን ሆይ፣

በዚህ ጽሑፍ የምንነግራችሁ ስለ ጃፓን ሰይፍ ጌጦች ነው። «ጃፓንን ከእኛ ጋር ምን አገናኛት?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን የብረት ሠሪዎች ነገር ነው። ስለ ብረት ሠሪ ደግሞ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

የጃፓን ሰይፍ ስለቱ ብቻ አይደለም። በስለቱና በእጀታው መካከል እጅን የሚጠብቅ ጠፍጣፋ ብረት አለው፤ ፁባ ይባላል። በእጀታው ላይ ከሚጠመጠመው ጥብጣብ ሥር ደግሞ ሜኑኪ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ጌጦች ይገባሉ። አንጥረኞቹ በእነዚህ ላይ ወፍ፣ አበባ፣ ዘንዶና የባሕር ማዕበል ይቀርጹ ነበር። ከብረት ሌላ ልዩ ልዩ ቅይጦችም ነበሯቸው። ሻኩዶ የሚሉት መዳብ ላይ ጥቂት ወርቅ ተጨምሮ የሚሠራ ነው፤ በልዩ ውህድ ሲቀቀል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ይሆናል። ሺቡኢቺ የሚሉት መዳብና ብር ሲሆን መልኩ ግራጫ ነው። ቀለሙ ከላይ የተቀባ ሳይሆን ከራሱ ከቅይጡ የሚወጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1876 የጃፓን መንግሥት ሰይፍ ታጥቆ በአደባባይ መሄድን ከለከለ። የተፈቀደው ለወታደር፣ ለፖሊስና ለጥቂት ባለ ሥልጣናት ብቻ ነበር። ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ሙያ ገበያው ባንድ ጊዜ ጠፋ። ከአንጥረኞቹ አንዳንዶቹ በዚያው እጃቸው የአበባ ማስቀመጫ፣ ሣጥንና ጌጣጌጥ እየሠሩ ለውጭ አገር ገዢ መሸጥ ጀመሩ። ካኖ ናትሱኦ (1828–1898) የሚባለው ታላቅ ባለሙያ ለአዲሱ የጃፓን ሳንቲም ቅርጽ ሠርቷል፤ በኋላም በቶኪዮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። የቆዩት የሰይፍ ጌጦችም በብዛት ወደ አውሮፓና አሜሪካ ተሸጡ። እዚያ ሜኑኪው የሴቶች የደረት ጌጥና የሸሚዝ እጅጌ ቁልፍ ሆነ። ዛሬም ፁባን የአንገት ሐብል፣ ሜኑኪን ጉትቻ የሚያደርጉ ወርቅ ሠሪዎች አሉ።

በዚህ ላይ ሰዎች አይስማሙም። አንዳንዱ «የጥንት ቅርስ ነው፣ አይነካ» ይላል። ሌላው «በሣጥን ተዘግቶ ከሚቀር ሰው አንገት ላይ ቢውል ይሻላል» ይላል። እኛ በሁለቱም ንግግር ውስጥ እውነት አለ እንላለን።

ማድረጉ በራሱ ነውር ነው ብለን አናምንም። እነዚህ ጌጦች ድሮም ቢሆን እየተፈቱ ከአንዱ ሰይፍ ወደ ሌላው ይዛወሩ ነበር። ሳሙራዩ አንዱን ስለት ለበዓል በአንድ ጌጥ፣ ለዘወትር በሌላ ጌጥ ሊያስጌጠው ይችል ነበር። ስለዚህ ፁባ ቦታ ቢቀይር አዲስ ነገር አይደለም። የምንቃወመው ሲቀየር መበላሸቱን ነው።

ለምሳሌ ሜኑኪን ጉትቻ ለማድረግ በእሳት ቢበየድ ያ ጥቁር ቀለም ይበላሻል። የቆየ የብረት ፁባ እንዲያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈተግ የዘመናት መልኩ ይገፈፋል። ሁለቱ ሜኑኪዎች ጥንድ ሆነው ነው የተሠሩት፤ ለሁለት ገዢ መሸጥ መንታ ልጆችን እንደ መለያየት ነው። ጠንቃቃ ባለሙያ ግን ጌጡን ሳይበይድ ሳይበሳ በወርቅ ክፈፍ ያቅፈዋል። ፁባውማ ስለቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ስላለው ክር ብቻ ይበቃዋል። ነገ የልጅ ልጅ ወደ ቀድሞው ልመልሰው ቢል ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ስሙ ነው። ብዙ አንጥረኞች ስማቸውን የሚቀርጹት በፁባው መካከል፣ በቀዳዳው ዙሪያ ነው። ሰይፉ ሲገጣጠም ስሙ ይሸፈናል። ፁባው ወጥቶ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ግን የተደበቀው የሠሪው ስም ለሰው ሁሉ ይታያል። ያንን ስም በሞረድ ማጥፋት ሰውየውን ሁለተኛ መግደል ነው።

ይህን ስናጠና ወደ ራሳችን አያቶች አሰብን። በጎንደር አካባቢ ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን የሚሠሩት ብዙ ጊዜ የእኛ ሰዎች ነበሩ። ጎረቤቱ ገበሬ ያለ እነሱ እጅ መሬቱን አያርስም ነበር። ጃፓን ውስጥ ጎቶ የሚባለው ቤተሰብ ከጎቶ ዩጆ (1440–1512) ጀምሮ ትውልድ በትውልድ ገዢዎችን ሲያገለግል ተከብሮ ኖረ፤ ስማቸው እስከ ዛሬ ይጠራል። የእኛ አያቶች ግን ለእጃቸው ሥራ የተሰጣቸው ስም «ቡዳ» ነበር። ያ ስድብ እስከ እኛ ደርሷል። የሠሪዎቹ ስም ግን ብዙውን ጊዜ አልደረሰም፤ በማረሻ ላይ ስም የሚጽፍ አልነበረምና።

ስለዚህ አስተያየታችን አንድ ነው። አሮጌ ነገር መልኩን ቀይሮ መኖር ይችላል፤ የሠሪው ስም ግን አብሮት መሄድ አለበት። ከእናንተ መካከል ከአገር ቤት ያመጣችሁት ቢላዋ፣ የብር አምባር ወይም የመዶሻ ራስ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ልጃችሁ ጌጥ ላድርገው ቢላችሁ አትቆጡ፤ ግን ከመስጠታችሁ በፊት ማን እንደ ሠራው፣ በየትኛው መንደር እንደ ተሠራ ንገሩት። ዕቃው የሌላችሁም ስሙን ንገሩን። ወናፉን ማን ይነፋ ነበር? መዶሻውን ማን ይይዝ ነበር? እናንተ ንገሩን፣ እኛ እንጽፋለን።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። የማያውቁትን አያትም መናፈቅ ያስቸግራል። እኛ ግን መናፈቅ እንፈልጋለን።