ሥራ የለኝም ማለትና ልጅ የለኝም ማለት

ከአገር ርቆ የሚኖርና ሥራ ያጣ ወላጅ አገር ቤት ትቶት ለወጣው ልጅ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት ወይስ የለበትም? ይህ ጥያቄ በቤተ ክርስቲያን ግቢም ሆነ በዕድር ስብሰባ በተነሣ ቁጥር ሰው በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንዱ ወገን «የሌለውን ከየት አምጥቶ ይስጥ?» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ዶላር አገር ተቀምጦ የለኝም አይባልም» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እኔ ሁለቱም ወገኖች የተሳሳቱ ይመስለኛል። ሥራ ማጣት የግዴታውን መጠን ሊቀንስ ይችላል እንጂ ግዴታውን አያጠፋውም፤ ውጭ አገር መኖርም በራሱ ሀብት አይደለም። ልጁን ሜዳ ላይ የሚጥለው ግን በአብዛኛው ከሥራ ማጣቱ ይልቅ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዝምታ ነው። ላስረዳ።

ከሕጉ ልጀምር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት ወላጆቻቸውን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆችም በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት ያላቸው መሆኑን ያክላል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ቀለብ ሲል እህልን ብቻ ሳይሆን መኖሪያን፣ ልብስን፣ ሕክምናንና ትምህርትንም ይጨምራል። (አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።) የቀለቡ መጠን የሚወሰነው በአንድ በኩል የጠያቂውን ችግር፣ በሌላ በኩል የሰጪውን አቅም በማየት ነው። ሁኔታው ሲለወጥ መጠኑ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል። እንግዲህ መለኪያው አቅም እንጂ ሥራ አለመሆኑን ልብ ይሏል። ሥራ የሌለው ሰው ቦሌ የሚያከራየው ቤት ሊኖረው ይችላል፤ በየዕለቱ ሥራ የሚገባውም ሰው ከቤት ኪራይና ከዕዳ የሚተርፈው ላይኖር ይችላል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 658 ቀለብ መስጠት ያለበት ሰው ያለ በቂ ምክንያት ይህን ሳይፈጽም ቢቀር የሚቀጣ መሆኑን ይደነግጋል። «ያለ በቂ ምክንያት» የሚለው ሐረግ እዚያ የገባው ያለ ነገር አይደለም። እውነተኛ ሥራ ማጣት በቂ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ምክንያት የሚሆነው ሲነገርና ሲረጋገጥ ነው፤ በሆድ የያዙትን ምክንያት ዳኛ አያነበውም።

አሁን ወደ ችሎቱ እንግባ። እናት አዲስ አበባ ላይ የቀለብ ክስ ትመሠርታለች። አባት ውጭ አገር ነው፤ አድራሻው አይታወቅም፤ አንዳንዴም ይታወቃል ግን አይነገርም። በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ጥሪ ይወጣል። ሲያትል ወይም ስቶክሆልም የሚኖር ሰው ያን ዓምድ የሚያነብበት ዕድል ምን ያህል እንደሆነ ለእናንተ ልተወው። ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። ዳኛው የአባትየውን ገቢ የሚያውቁበት መንገድ የለም፤ ስለዚህ ይገምታሉ። ግምቱም «አሜሪካ ያለ ሰው» በሚል ከፍ ይላል፣ ወይም ማስረጃ ስለጠፋ ልጁን ለአንድ ሳምንት እንኳ የማያበላ ገንዘብ ይሆናል። ከዚያም ፍርዱ ይጻፋል። አባትየው አገር ቤት ቤት ወይም የባንክ ሒሳብ ካለው አፈጻጸም ይቻላል። ከሌለው ፍርዱ በእናትየው ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት ነው።

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በበኩላቸው ሥራ አጥ ወላጅን በሁለት ይከፍሉታል፤ ሥራ ያጣና ሥራ የሸሸ። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ሕጉ ሁለተኛውን «በገዛ ፈቃዱ የደኸየ» ይለዋል። ዳኛው የሰውዬውን ጤና፣ ትምህርትና የሥራ ታሪክ፣ ሥራ ለማግኘት ያደረገውን ጥረት፣ ሥራውን የለቀቀበት ጊዜ ከፍቺው ጋር የተገጣጠመ መሆን አለመሆኑን ይመረምራሉ። ሆን ብሎ ደኽይቷል ብለው ካመኑ ቢሠራ ኖሮ ሊያገኝ ይችል የነበረውን ገቢ እንዳገኘ ይቆጥሩበትና ቀለቡን በዚያ ያሰላሉ። ይህ አሠራር በድሆች ላይ ግፍ ሲያስከትል መቆየቱም አልተካደም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ደንብ ግምቱ በሰውዬው ተጨባጭ ሁኔታ ላይ እንዲመሠረት፣ እስራትም እንደ ፈቃደኛ ሥራ ፈትነት እንዳይቆጠር አዝዟል። እኔ ለአገራችን ችሎቶች የምመኘው ይህንን ልዩነት ነው። ሥራ ያጣውን ከሥራ ከሸሸው ለይቶ የሚጠይቅ ዳኛ እንፈልጋለን፤ ለመጠየቅ ግን ሰውዬው መቅረብ ወይም መጻፍ አለበት።

ወደ ዝምታው ልመለስ፤ ብዙ የማየው እርሱን ነውና። አንድ የማውቀው ሰው ታክሲ ይነዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ መንገዱን ባዶ ሲያደርገው ሥራው ቆመ። እዚሁ አሜሪካ ለሚኖሩ ሁለት ልጆቹ በየወሩ እንዲከፍል የተወሰነበት ቀለብ ነበር። «ዓለም ሁሉ ሥራ መቆሙን እያወቀ እኔን ማን ይጠይቀኛል?» አለና ለፍርድ ቤቱ አንዲት መስመር ሳይጽፍ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። የመጡለትን ደብዳቤዎች ይዞ እኔ ዘንድ የመጣው እንዳነብለትና እንድተረጉምለት ነበር። ሳነብለት የገረመው ነገር ቢኖር ያ ሁሉ ወር በነበረበት መጠን ሲቆጠር መክረሙ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በሴናተር ብራድሊ ስም የሚጠራ የሕግ ማሻሻያ ወጥቶ ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ጊዜ የደረሰ የቀለብ ዕዳ ወደ ኋላ ተመልሶ አይቀነስም። ዳኛው ሊቀንሱለት የሚችሉት ማመልከቻው ገብቶ ሌላው ወገን እንዲያውቀው ከተደረገበት ቀን ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። ሰውዬው ሥራ ባጣበት ሳምንት አንድ ገጽ ማመልከቻ ቢያስገባ ኖሮ ዕዳው እጅግ ባነሰ ነበር። ዕዳው ከ2,500 ዶላር ሲያልፍ ደግሞ የአሜሪካ ፓስፖርት ማውጣትም ማሳደስም ይከለከላል። ለቅሶ መድረስ የማይችል ስደተኛ የሚሆነው እንዲህ ነው።

በዚያው ዓመት መንግሥት ለሕዝቡ የላከው የመጀመሪያው የእርዳታ ቼክ ለሌላ ውዝፍ የመንግሥት ዕዳ እንዳይያዝ ሲደረግ የልጅ ቀለብ ውዝፍ ብቻ ተለይቶ ይቆረጥበት ነበር። ከሥራ አጥነት ድጎማም ቀለብ ይቆረጣል። አገሩ ሥራ ለሌለው አባት የሚናገረው ነገር ግልጽ ነው፤ ከሚደርስህ ጥቂት ላይ ለልጅህ ድርሻ አለው።

አገር ቤት ላለ ልጅ ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ያሳዝናል። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከፓርላማ ሆነው ዲያስፖራው በቀን አንድ አንድ ዶላር ለአገሩ እንዲያዋጣ ሲጠይቁ ከመካከላችን ብዙዎች አንድ ዶላርማ ምን አላት ብለን ነበር። እስቲ ያችኑ አንዲት ዶላር ወደ ልጁ እንመልሳት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት የባንክ ዋጋው 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ በፊት በወር 3,000 ብር ቀለብ የተወሰነበት ሰው ያኔ ከ50 ዶላር በላይ መላክ ነበረበት፤ ዛሬ ከ30 ዶላር በታች ይበቃዋል፤ በቀን አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። በሌላ በኩል እናትየው በዚያው 3,000 ብር የምትገዛው ዘይትና የምትከፍለው የትምህርት ቤት ክፍያ የት እንደ ደረሰ የአዲስ አበባን ገበያ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። በብር የተቆረጠ ቀለብ ለላኪው እየቀለለ ለተቀባዩ እየሳሳ ሄዷል። ስለዚህ ሥራ የለኝም ብሎ መላኩን ያቆመ አባት በምን ያህል ገንዘብ ምክንያት እንዳቆመ ቁጭ ብሎ ሊያሰላው ይገባል። እናትም የቀለቡ መጠን እንዲሻሻል ለማመልከት መብት አላት።

ይህን ስል ሥራ ያጣ ሁሉ ዋሾ ነው ማለቴ አይደለም። ደግሞስ ውጭ ያለው ወላጅ ሁልጊዜ አባት ነው ያለው ማን ነው? ልጇን ለእናቷ ወይም ለባሏ ትታ ወደ ዐረብ አገር የሄደች እናት ስንት ናት! እ.ኤ.አ. ሰኔ 2020 ቤይሩት ውስጥ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም በፎቶግራፍ ተመልክቷል። ብዙዎቹ የሠሩበት ደመወዝ እንኳ አልተከፈላቸውም ነበር። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ያለ ሴት ሥራ ስታጣ ገቢዋን ብቻ ሳይሆን ሕጋዊ መሆኗንም ታጣለች። እንዲህ ያለችን እናት «ውጭ ነሽና ላኪ» ብሎ በቀለብ ዕዳ መያዝ ፍርድ አይደለም። አቅም የሚለው መለኪያ ከነሙሉ ትርጉሙ ሊሠራ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀለቡን የመስጠት ኃላፊነት በዋናነት አብሮ ባለው ወላጅ ላይ ቢያርፍ ተገቢ ነው፤ እርሷም ሥራ ስታገኝ ድርሻዋ ይመለሳል።

መንግሥትስ? መንግሥታችን ከስደተኛው ኪስ ዶላር የሚወጣበትን መንገድ ሁሉ ያውቃል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግድቡ ቦንድ በየኤምባሲው ተሽጧል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ ይሰጣል። የሐዋላው መጠን በየዓመቱ በኩራት ይነገራል። ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዛ ብትመጣ ወደ ባሕር ማዶ የምታሻግርበት ድልድይ የላትም። የልጅ ቀለብን ከአገር አገር ለማስከፈል እ.ኤ.አ. በ2007 በሄግ የጸደቀው ስምምነት አለ፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2014፣ አሜሪካ ከ2017 ጀምሮ ይሠሩበታል። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል አይደለችም። እናትየው አባት በሚኖርበት የአሜሪካ ግዛት ፍርድ ቤት በራሷ አቤቱታ ማቅረብ አትከለከልም፤ ግን በየትኛው ጠበቃ፣ በየትኛው ገንዘብ? የውጭ ፍርድ ወደ እኛ ሲመጣም የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ያ አገር የእኛን ፍርድ የሚፈጽም መሆኑን በቅድመ ሁኔታ ይጠይቃል። ስለዚህ ቀለብ ሸሽቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ አባትም መሸሸጊያ አያጣም።

ወደ ሄጉ ስምምነት መግባት ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ ብንገባም ሳዑዲ ዐረቢያና ሊባኖስ የሉበትም። ከዚያ በፊት ግን ኤምባሲዎቻችን ዛሬውኑ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ አለ። ውክልና እንደሚያረጋግጡ ሁሉ ሥራ ያጣ ወላጅ ገቢውንና ሥራ ማጣቱን የሚገልጽ ቃል ሲሰጥ ተቀብለው ከማስረጃው ጋር ለቤተሰብ ችሎቱ ያስተላልፉ። የችሎቱንም መጥሪያ በጋዜጣ ከማስነገር ይልቅ ለሚታወቅ ሰው በአድራሻው ያድርሱ። ቢጫ ካርድ የሚያሳድስ ሰው ያልተፈጸመ የቀለብ ፍርድ እንዳለበት ቢጠየቅ እኔ አልቃወምም፤ ሥራ ያጣው ሳይሆን ድምፁን ያጠፋው ብቻ የሚያዝበት ወንፊት እስከ ሆነ ድረስ። ይህ ሥልጣን በካድሬ እጅ ገብቶ የተቃዋሚ ማጥመጃ እንዳይሆን ውሳኔው የፍርድ ቤት ብቻ መሆን አለበት። ታሪካችንን እናውቃለንና ይህን ማስጠንቀቂያ መዝለል አልቻልሁም።

«የምልከውን ገንዘብ እናቲቱ ትበላዋለች» የሚለውን ክርክርም ሰምቼ አላውቅም አልልም፤ እንዲያውም ከሥራ ማጣቱ ቀጥሎ አብዝቶ የሚቀርብ ምክንያት እርሱ ነው። ልጅን አጥቦ፣ አብስሎና አስተኝቶ የሚያሳድግ ሰው ከዚያ ገንዘብ አንድ እንጀራ ቢቀምስ ወንጀሉ ምኑ ላይ እንደሆነ አይገባኝም። ይህ ይቅርና፣ ጥርጣሬው እውነት ቢሆን እንኳ መፍትሔ አለው። አባትየው የትምህርት ቤቱን ክፍያ ለራሱ ለትምህርት ቤቱ እንዲከፍል ለችሎቱ ማመልከት ይችላል። በሰው እጅ ደብተርና ጫማ ከመላክ ይልቅ በባንክ ይላክና ደረሰኙን ያስቀምጥ፤ በጓደኛ ሻንጣ የተላከ ጫማ ለልጁ ይደርስ ይሆናል እንጂ ለማስረጃ አይደርስም። ሥራ ባጣ ጊዜም 10 ዶላርም ቢሆን በወሩ ይላክ፣ ከደብዳቤ ጋር። ዳኛው መዝገቡን ሲከፍቱ በየወሩ 10 ዶላር የላከውን ሥራ አጥና ሦስት ዓመት የጠፋውን ሥራ አጥ አንድ አድርገው እንደማያዩአቸው በብዙ ችሎት አስተርጓሚ ሆኜ ተመልክቻለሁ።